ፓርክሌት፦ በመኪና ማቆሚያ ላይ የተሠራ መናፈሻ

ፓርክሌት በመንገድ ዳር ለመኪና ማቆሚያ በተከለለ ቦታ ላይ የሚሠራ ትንሽ የሕዝብ መናፈሻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት መኪና ቦታ ይይዛል። አግዳሚ ወንበር፣ ጠረጴዛና የአትክልት ሣጥን፣ አንዳንዴም የብስክሌት ማሰሪያ ይኖረዋል። ይበልጥ የሚጠቅመው እግረኛ በሚበዛባቸውና የእግረኛ መንገዳቸው ጠባብ በሆነ የገበያ ጎዳናዎች ነው።

የሐሳቡ መነሻ የአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 ሬባር የተባለ የንድፍ ባለሙያዎች ቡድን በመሃል ከተማ ለአንድ የማቆሚያ ቦታ የሁለት ሰዓት ሒሳብ ከፈለ። መኪና ግን አላቆመም፤ ሣር አነጠፈ፣ አንድ ዛፍና አግዳሚ ወንበር አኖረ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሁሉንም አንሥቶ ሄደ። የሚከፈለው ገንዘብ የቦታ ኪራይ ከሆነ ተከራዩ የግድ መኪና መሆን የለበትም የሚል ነበር መልእክቱ። ድርጊቱ «ፓርኪንግ ዴይ» ተብሎ በብዙ አገሮች በየዓመቱ በመስከረም ይደገማል።

የከተማው አስተዳደር ይህን የሁለት ሰዓት ሙከራ ዘላቂ አደረገው። በ2010 የመጀመሪያዎቹ ፓርክሌቶች ሲሠሩ አንዱ በዲቪሳዴሮ ጎዳና በሚገኝ ካፌ ፊት ለፊት ነበር። ከተማው ፈቃድ ይሰጣል፤ የግንባታውን፣ የመድንና የጽዳቱን ወጪ የሚሸፍነው አመልካቹ ነጋዴ ወይም የሰፈር ማኅበር ነው። ያም ሆኖ በዚያ አሠራር ቦታው የሕዝብ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ቡና ያልገዛም ሰው የመቀመጥ መብት ነበረው፤ ይህንንም የሚገልጽ ምልክት ይለጠፍ ነበር።

ግንባታው ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ወለሉ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ሊገባበት አይችልም። ከወለሉ ሥር የዝናብ ውኃ በጠርዙ በኩል እንዲያልፍ ክፍተት ይተዋል። በሁለቱ ጫፎች ጎማ ማገጃና አንጸባራቂ ምሰሶ ይተከላል፤ በትራፊክ በኩል ደግሞ መከለያ ይቆማል። ከመሬት በታች ያሉ መስመሮች ጥገና ሲያስፈልጋቸው መነሣት ስላለበት ተነቃቃይ ሆኖ ይሠራል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ምግብ ቤቶች ደንበኛን በቤት ውስጥ እንዳያስተናግዱ ሲያስገድድ ከተማዋ በጥድፊያ ፈቃድ መስጠት ጀመረች፤ ጣሪያና ግድግዳ ያላቸው ዳሶች ጎዳናውን ሞሉት። ከዚያ ጋር ቅሬታም መጣ፦ የማቆሚያ ቦታ አነሰ፣ የእሳት አደጋ መኪና መተላለፊያ ጠበበ፣ የሕዝብ መሬት ለግል ንግድ ዋለ የሚል።

በ2021 የወጣው ሕግ አሠራሩን ቋሚ አድርጎ በሦስት ከፈለው፦ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሕዝብ ፓርክሌት፣ በሥራ ሰዓት ወጥቶ ሲዘጋ የሚነሣ የንግድ ፓርክሌት፣ እንዲሁም ቋሚ የንግድ ፓርክሌት። የንግዱም ቢሆን ማንም አላፊ አግዳሚ ያለክፍያ የሚያርፍበት መቀመጫ እንዲኖረው ግዴታ ተጥሎበታል።