«አስም» ስለሚለው ቃል

ይህ ቃል በድምፁ «አስማት»ን ስለሚመስል ደዌውን ከድግምት ጋር ሊያያይዘው የሚቃጣ ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በግእዝ «አስማት» ማለት ስሞች ማለት ነው፤ ከሕማሙ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም።

አስም ሥሩ ጽርእ ነው። ጽርኦች «አስትማ» ሲሉ ማለክለክን፥ የትንፋሽ ማጠርን ይሉ ነበር። ኢጣሊያኖች ታውን ጥለው «አስማ» ይላሉ፤ የእኛም አጠራር ለዚሁ ይቀርባል። ዐረቦች «ረብው» ይሉታል፤ ሐኪሙ ማይሞኒደስ በ12ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በግብፅ ሳለ በዚህ ስም በዐረብኛ ድርሳን ጽፎለታል። ቃሉን በግእዝ ሊተረጕም የሚሻ «ነፍሰ» ከሚለው ግስ ቢነሣ ይቀናዋል፤ ነፍስም፥ ነፋስም፥ እስትንፋስም የተገኙት ከእርሱ ነውና።

ደዌው የሳምባ የአየር ቧንቧዎች ተቈጥተው ሲያብጡና ሲጠቡ ይነሣል። አየሩ ይልቁንም ሲወጣ ይቸገራል፤ ደረትም ሲር ሲር ይላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አቧራ፥ ብርድ፥ ጕንፋንና ጢስ ይቀሰቅሱታል፤ የዕጣን ጢስም ቢሆን። ስለዚህ በማዕጠንት ጊዜ ወደ ደጅ የሚወጣውን ምእመን ሥርዓት እንደ ናቀ አንቍጠረው።

ወደ ጎልጎታ የሚወስደው ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፤ ባለ አስም ተሳላሚ በትንፋሽ የሚሳበውን መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ፥ እያረፈ ይውጣ። መናገር እስኪሳነው ትንፋሹ ካጠረ ወይም ከንፈሩ ከጠቈረ ግን ጸሎቱ እስኪፈጸም ሳይጠበቅ ሐኪም ይጠራለት።