ለበርና ለመስኮታችን የትኛውን ሴንሰር እንምረጥ?



ብዙዎቻችን ከግቢ ውጭ ሮቤና ጎባ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ክፍላችን ውስጥ ያለው ንብረት ጥቂት ነው። ላፕቶፓችን ግን የመመረቂያ ጽሑፋችንን ስለያዘ ቢሰረቅ የምናጣው ዋጋውን ብቻ አይደለም። በረመዳን ደግሞ የግቢው ሰው ሁሉ ለተራዊሕ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ሰዓትም በየምሽቱ ያው ነው። ተወኩል ሰበብን ከማድረስ ጋር ነውና፣ የማንቂያ ደወል ለመግዛት ያሰብን ሁሉ ከሳጥኑ ዋጋ በፊት የራሳችንን በርና መስኮት ማየት አለብን።

ለበር፦ የማግኔት ሴንሰር

ርካሹና አስተማማኙ ይህ ነው። ሁለት ክፍሎች አሉት። አንዱ ማግኔት ሲሆን በሚከፈተው ክንፍ ላይ ይታሰራል። ሌላው በመቃኑ ላይ ይገጠማል፤ በውስጡም በትንሽ የመስታወት ቱቦ የታሸጉ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ። በሩ ሲዘጋ ማግኔቱ ምላሶቹን ያገናኛል፤ ሲከፈት ይለያያሉ፣ ደወሉም ይጮሃል።

በእኛ ዘንድ ችግሩ አብዛኛው በር ላሜራ መሆኑ ነው። ብረት የማግኔቱን ኃይል ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ በእንጨት በር ላይ በ2 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚሠራው ሴንሰር በላሜራ ላይ እጅግ ቀርቦ ካልተገጠመ አይሠራም። ስለዚህ ሻጩን «ለብረት በር የሚሆን፣ ርቀት የሚችል» ብለን እንጠይቅ። ካልተገኘ በሁለቱም ክፍሎች ሥር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ማስገባት ይረዳል። አብሮት የሚመጣው ማጣበቂያ በብርድና በአቧራ ስለሚለቅ በብሎን ይታሰር፤ አከራያችንንም አስቀድመን እናስፈቅድ። ቦታው ከውስጥ በኩል፣ ከማጠፊያው ርቆ በሚከፈተው ጫፍ ላይ ነው። በሩ ባለ ሁለት ክንፍ ከሆነ ለየክንፉ አንድ አንድ ያስፈልጋል።

ለመስኮት፦ እንደ አሠራሩ

የሚከፈትና ፍርግርግ የሌለው መስኮት በማግኔት ሴንሰር ይጠበቃል። ሆኖም ሌባው መስኮቱን ሳይከፍት መስታወቱን ሰብሮ ከገባ ማግኔቱ አያውቅም። ፍርግርግ ያለው መስኮት ደግሞ የሚደፈረው ብረቱ ተነቅሎ ወይም ተቆርጦ ስለሆነ፣ መቃኑ ላይ የሚለጠፍ የንዝረት ሴንሰር ይሻለዋል። የንዝረቱን ሴንሰር ግን በላሜራ በር ላይ አንግጠመው፤ ነፋስ በሩን ባንገጫገጨው ቁጥር ይጮሃል።

ለክፍሉ፦ የእንቅስቃሴ ሴንሰር

ይህኛው የሚያየው የሰውነት ሙቀት ሲንቀሳቀስ ነው። 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በማዕዘን ይገጠማል። ድመት ባለበት፣ ወይም የከሰል ምድጃ በሚነድበት ክፍል ግን በሐሰት ሊጮህ ይችላል።

ሪራና መሰል መንደሮች

ለእረፍት ወደ ቤተሰብ የምንመለስ ሁላችንም አንድ ዓይነት ቤት የለንም። ከጎባ ሳነቴን ተሻግሮ ወደ ዶሎ መና በሚወርደው መንገድ ላይ ባለችው ሪራ የቀርከሃ ቤት የተለመደ ነው። ግድግዳው ከበሩ ይልቅ በቀላሉ የሚከፈት ከሆነ በሩ ላይ ሴንሰር ማሰር ብዙ አይጠቅምም። እዚያ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ይሻላል፤ ውሻና ንቁ ጎረቤት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣሉ።

መብራት፣ ባትሪና ጎረቤት

መብራት ሲጠፋ የሚተኛ ደወል አይግዛ፤ ባትሪ ያለው ይሁን። ብርድ የተራ ባትሪን ጉልበት ስለሚቀንስ፣ ሴንሰሩ የሚቀበለው ከሆነ ሊቲየም እንምረጥ። በሲም ካርድ ስልክ የሚደውል ከሆነ ሒሳብ እንዳያልቅበት እንከታተል። ለስሑርና ለፈጅር ስንነሳ ጎረቤት እንዳንቀሰቅስ፣ ከመጮሁ በፊት ጥቂት ሰከንድ የሚታገሥ ቢሆን መልካም ነው።

ደወል ሌባውን አይዝም፤ ሥራው ሰው መጥራት ነው። በሐሰት ደጋግሞ የጮኸ ደወል የጎረቤትን እንቅልፍ ይነሳል፤ በእውነት በጮኸ ቀንም የሚወጣ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ብዙ ሴንሰር ከመደርደር ለበራችን የሚስማማ አንድ ይበቃል። ለጎረቤቶቻችን ድምፁን አስቀድመን እናሰማቸው፤ በየጁሙዓው በሩን ከፍተን እንፈትነው። የመመረቂያ ጽሑፋችንንም ቅጂ ከላፕቶፑ ውጭ ሌላ ቦታ እናስቀምጥ፤ የሄደን ፋይል የሚመልስ ሴንሰር የለም።

አላህ ቤታችንንና ልፋታችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።