የማኅበረሰብ ሬዲዮ፣ ኪነ ጥበብና የአእምሮ ጤና

የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለትርፍ ያልቆመ፣ በአንድ አካባቢ ነዋሪዎች ወይም የጋራ ጉዳይ ባላቸው ሰዎች የሚመራ፣ እነሱው አዘጋጅም አድማጭም የሚሆኑበት የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው በአንድ ዘርፉ ላይ ነው፤ ትረካን፣ ድራማን፣ ግጥምንና ዘፈንን ይዞ ስለ ሐዘን፣ ስለ ጭንቀትና ስለ አእምሮ ሕመም በሚናገር ሬዲዮ ላይ። በኢትዮጵያ የዚህ ሥራ መነሻ ከማኅበረሰብ ጣቢያዎች መፈጠር ይቀድማል። በአገር አቀፉ ሬዲዮ ከተተረኩ መጻሕፍት መካከል በጣም የሚታወሰው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲሆን፣ ታሪኩ የሚጀምረው በምዕራብ ጎጃሟ ማንኩሳ ነው።

ማንኩሳ በሬዲዮ

ማንኩሳ በጃቢ ጠህናን ወረዳ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ብዙ ኢትዮጵያዊ ስሟን ያወቀው ግን በዚያ አልፎ ሳይሆን ከክቡር ዶክተር ሀዲስ አለማየሁ መጽሐፍ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለድ ውስጥ የበዛብህ ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ የሚኖሩት ማንኩሳ ነው። ልጃቸውን በስለት ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣሉ፤ ይህ ስለት ኋላ ከሰብለ ወንጌል ፍቅር ጋር ተጋጭቶ የበዛብህን ሕይወት ለሁለት ይከፍለዋል። ታሪኩ ከውጭ ሲታይ የባላባትና የድኻ ታሪክ ነው። ከውስጥ ሲታይ ግን የሚናገሩት አጥተው ሐዘናቸውን በሆዳቸው የያዙ ሰዎች ታሪክ ነው።

መጽሐፉን አንባቢ ላልሆነውም ሕዝብ ያደረሰው ታዋቂው የመድረክ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ያቀረበው ትረካ ነው። ወጋየሁ ዝም ብሎ አላነበበውም። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ድምፁ ይከብዳል፣ በዛብህ ሲያመነታ ይሰበራል፣ ለባለታሪኮቹ ሁሉ የየራሳቸውን አነጋገር ይሰጣቸዋል። ሬዲዮ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን እንዲህ ያለው ትረካ የሚደመጠው በጋራ ነበር። የጋራ ማድመጥ ለዚህ ርዕስ ትልቅ ቁም ነገር አለው። «የወንድ ልጅ እንባው በሆዱ» በሚባልበት አገር፣ በራሱ ጉዳይ ማልቀስ የማይችል ሰው ለበዛብህ ቢያለቅስ የሚነቅፈው የለም።

ከባለታሪኮቹ ሁሉ ለአእምሮ ጤና ጉዳይ የሚቀርበው ካሣ ዳምጤ፣ ማለትም ጉዱ ካሣ ነው። የባላባቱን ሥርዓት ስለሚተች ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ ጤናውን ይጠራጠራሉ፤ «ጉዱ» የሚለው ቅጽል የወጣለትም ከዚህ የተነሣ ነው። አድማጩ ግን የሰውየውን ንግግር በራሱ ጆሮ ሲሰማ ከመንደሩ ሁሉ ይልቅ አስተዋዩ እሱ መሆኑን ይረዳል። ያለ አንዳች ስብከት አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «እብድ» የሚለው ስም የሚሰጠው ለማን ነው? ሰጪውስ ማን ነው? ሆኖም የጉዱ ካሣን ነገር ከልክ በላይ መለጠጥ ተገቢ አይደለም። ጉዱ ካሣ ሕመምተኛ አይደለም፣ ተቃዋሚ ነው። በእውነት የታመመን ሰው «ምስጢር ያየ ፈላስፋ» ማድረግም ሰውየውን ከሕክምና የሚያርቅ ሌላ ስም መለጠፍ ነው።

ከሬዲዮ በፊት

ሐዘንን በቃል ማውጣት በጎጃም የቆየ ልማድ ነው። በለቅሶ ቤት አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ስምና ሥራ፣ የተዋቸውንም ልጆች እያነሣች ለለቀስተኛው እንባ መውጫ ታበጅለታለች። እንጉርጉሮ ደግሞ የብቻ ነው። ወፍጮ ላይ ያለች ሴት ወይም ከብት የሚጠብቅ ልጅ በሰው ፊት የማይለውን ለራሱ ያንጎራጉራል። በቅኔ ቤትም ተማሪው በሰምና ወርቅ ያዘነበትን ነገር ሸፍኖ መናገርን ይማራል።

ከእነዚህ ሁሉ ለማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚቀርበው የአዝማሪ ቤት ሥርዓት ነው። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆ አጅቦ ይደግመዋል። ሐሳቡ የታዳሚው፣ ድምፁ የአዝማሪው ይሆናል። ሰውየው የተናገረው ስለ ራሱ ይሁን ስለ ሌላ ሰው አይጠየቅም፤ ለዚያም ነው በዚያ ቤት ከባድ ነገር ቀልሎ የሚነገረው።

ዛርም እዚህ ሊጠቀስ ይገባል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ የዛር ሥርዓቶችን ለወራት ተከታትሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት በዛር ውስጥ ያለውን የቴአትር ባሕርይ ተንትኗል። ዛሩ የያዛት ሴት በከበሮ፣ በዘፈንና በልብስ የሌላን ሰው ጠባይ ትይዛለች፤ በዕለት ተዕለት ኑሮዋ የማይፈቀድላትን ቁጣና ጥያቄም በዛሩ ስም ታወጣለች። ሃይማኖት ይህን አጥብቆ ያወግዛል፣ ዘመናዊ ሕክምናም አይቀበለውም። ነገር ግን ጭንቅና ትወና በአንድ ቤት መገናኘታቸው በአገራችን አዲስ እንዳልሆነ ያሳያል።

በዘመኑ ጥናት በኩል የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን ዳስሶ ባወጣው ዘገባ፣ ኪነ ጥበብ ሕመምን በመከላከልም ሆነ ሕክምናን በማገዝ በኩል ጥቅም እንዳለው ገልጿል። ማገዝ ማለት ግን መተካት አይደለም።

የቃላት ችግር

ስለ አእምሮ ሕመም በአማርኛ የሚናገር ሬዲዮ መጀመሪያ የሚቸገረው በቃላት ነው። «አበደ»፣ «ለየለት»፣ «ወፈፍ ያደርገዋል»፣ «ጨርቁን ጣለ» የሚሉት ሁሉም ሰው የሚረዳቸው ቢሆኑም ሰውየውን ከሰው ተራ ያወጡታል። በሌላ በኩል «ድባቴ» የሚለው ቃል በከተማ መገናኛ ብዙኃን እየተለመደ መጥቷል፤ ገጠር ያለች እናት ግን ይህን ቃል ሰምታ ስለ እሷ እየተወራ መሆኑን ላታውቅ ትችላለች። እሷ የምትለው «ሆድ ባሰኝ»፣ «ሐሳብ በዛብኝ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ሰው አስጠላኝ» ነው። ጥሩ የሬዲዮ ጸሐፊ ከእነዚህ ይነሣና የሕክምናውን ስም በኋላ ያመጣዋል። ድራማና ትረካ ከንግግር የሚሻሉት እዚህ ላይ ነው፤ ምልክቶቹን ከመዘርዘር ይልቅ አንዲት ሴት ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ፣ ማለዳ እሳቱን ማንደድ ሲያቅታት ማሰማት ይቻላል።

ጉዳዩ የአነጋገር ጨዋነት ብቻ አይደለም። ቅዱስ አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውም በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የብዙ ሕመምተኛ መጠጊያ ቤተሰቡ፣ ጸበሉና ጎረቤቱ ሆኖ ኖሯል። ቤተሰብ የሚወደውን ሰው፣ ራሱንና ሌላውን እንዳይጎዳ በመፍራት፣ በገመድ ወይም በሰንሰለት አስሮ የሚያኖርበት ሁኔታ በገጠር በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከሬዲዮ የሚሰማው «እብድ» የሚል ቀልድ ከሆነ በሩን ይዘጋል። ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከሰማ ግን ወደ ጤና ጣቢያ የመሄድ ዕድሉ ይሰፋል። ጸበሉን በማጣጣል የሚጀምር ዝግጅት አድማጩን በመጀመሪያው ደቂቃ ያጣዋል።

ድራማ ምን ይለውጣል?

በኢትዮጵያ ረጅም ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ምን ያህል አድማጭ ሊያነቃንቅ እንደሚችል ያሳየው «የቀን ቅኝት» ነው። ድራማው ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተላልፏል። ዋና ጉዳዮቹ የቤተሰብ ምጣኔ፣ ኤች አይ ቪ እና የሴቶች ኑሮ እንጂ የአእምሮ ጤና አልነበሩም፤ ሆኖም አድማጮች በሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ልከዋል። አድማጭ ባለታሪክን እንደ ጎረቤት ሲያውቃት የራሱን ጉዳይ ለመጻፍ ይደፍራል።

ውጤቱን በጥንቃቄ የለካው ጥናት የመጣው ከሩዋንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው «ሙሴኬዌያ» (ትርጉሙ «አዲስ ንጋት» ነው) ከዘር ጭፍጨፋው በኋላ ስለ ጥላቻ፣ ስለ ሥነ ልቦና ቁስልና ስለ እርቅ የሚተርክ ድራማ ነበር። ተመራማሪዋ ኤልሳቤጥ ሌቪ ፓለክ አንዳንድ የአድማጭ ቡድኖች ይህን ድራማ፣ ሌሎች ደግሞ ስለ ጤና የሚናገር ሌላ ድራማ ለአንድ ዓመት እንዲሰሙ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት የሚያስገርም ነው። የሰዎቹ የግል እምነት ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው «ሌላው ሰው ምን ይላል» የሚለው ግምታቸው ነው። ለሌላው የሚያዝኑት በዝተዋል፣ የተለየ ሐሳብ በግልጽ መናገርም ቀሏቸዋል። ለአእምሮ ጤና ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሰው ሕመሙን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ ራሱ ስለሚንቀው ሳይሆን ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ ነውና።

ከማድመጥ ወደ መናገር

በአገራችን የማኅበረሰብ ብሮድካስት ራሱን ችሎ በሕግ የተደነገገው በብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ሲሆን፣ ከሕዝብና ከንግድ ብሮድካስት ቀጥሎ ሦስተኛው ዓይነት ሆኗል። በኋላ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተተክቷል። በዓለም ደረጃ ከቀደምቶቹ መካከል የኮሎምቢያው ሬዲዮ ሱታቴንሳ (እ.ኤ.አ. 1947) ይጠቀሳል፤ ለገበሬዎች ፊደል የሚያስተምር ጣቢያ ነበር።

ሕመምተኛው ራሱ ማይክሮፎን የያዘበት ታዋቂ ምሳሌ የአርጀንቲናው ላ ኮሊፋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አልፍሬዶ ኦሊቬራ የተባለ የሥነ ልቦና ተማሪ በቦነስ አይረስ ቦርዳ የአእምሮ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ሕሙማኑን በካሴት እየቀዳ ድምፃቸውን በአንድ የማኅበረሰብ ጣቢያ ማሰማት ጀመረ። አድማጮች ይደውላሉ፣ ይጠይቃሉ፤ እሱም ጥያቄውን ተመልሶ ለሕሙማኑ ያደርሳል፣ መልሳቸውንም ይቀዳል። ቆይቶ የራሳቸው ጣቢያ ሆነ። ግጥም ያነባሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ስለ ኳስና ስለ ፖለቲካ ይከራከራሉ። ስሙ ራሱ በከተማዋ የመንገድ ቋንቋ «ወፈፌዋ» እንደማለት ነው፤ ስድቡን ራሳቸው ወስደው ስም አደረጉት። ላ ኮሊፋታ ሕመምተኞችን ስለ ሕመማቸው ብቻ አለመጠየቁ ከሌሎች ዝግጅቶች ይለየዋል። ስለ አየሩ የሚናገር ሕመምተኛ የሰማ አድማጭ፣ ስለ ስኪዞፍሬንያ አንድ ሰዓት ከተማረ ሰው ይልቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ይህን መንገድ በገጠር አማራ ለመሞከር የሚያስፈልገው ብዙ መሣሪያ አይደለም፤ ተቀበል ማለት የሚችል ሕዝብ አለ። የሚያስቸግረው ስምን መጠበቅ ነው። በትንሽ ከተማ ድምፅ ከስም እኩል ማንነትን ይገልጣል። ስለዚህ ታሪኩ በሌላ ሰው ድምፅ መተረኩ፣ የመንደሩና የዘመዶቹ ስም መለወጡ፣ ከመተላለፉ በፊትም ባለቤቱ ሰምቶ መፍቀዱ ግድ ይላል።

ጉዳት የሚያመጣ አቀራረብ

እ.ኤ.አ. በ1774 የታተመው የጎተ ልብ ወለድ ስለ ወጣቱ ቬርተር ራሱን ማጥፋት ስለሚተርክ አንባቢዎችን ለተመሳሳይ ድርጊት ያነሣሣል ተብሎ በአንዳንድ ከተሞች ታግዷል። ተመራማሪዎች ከዚህ ተነሥተው በዘገባ ምክንያት የሚመጣን መሰል ሞት «የቬርተር ውጤት» ይሉታል። ተቃራኒው «የፓፓጌኖ ውጤት» ነው፤ በሞዛርት ኦፔራ ውስጥ ሊሞት የቆረጠው ፓፓጌኖ ሦስት ልጆች ሌላ መንገድ አሳይተውት ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በኦስትሪያ የወጣ ጥናት፣ ከጭንቅ ስለተረፉ ሰዎች የሚናገሩ ዘገባዎች ጠባቂ ሊሆኑ እንደሚችሉ አመልክቷል። ለሬዲዮ ጸሐፊ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የአሟሟት መንገድን አይዘርዝር፣ ሞትን ለፍቅር ማስረጃ አያድርግ፣ የተረፈውን ሰው ታሪክ ያቅርብ።

ሞገድ፣ ተራራና ሜሞሪ

የኤፍ ኤም ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ኮረብታ ይጋርደዋል። አነስተኛ ኃይል ያለው የማኅበረሰብ ጣቢያ በሜዳ ላይ በደንብ ቢሰማም ከሸለቆው ማዶ ላይደርስ ይችላል። መካከለኛ ሞገድ መሬትን ተከትሎ ርቆ ይሄዳል፣ ነገር ግን ትልቅ ማሠራጫና ብዙ መብራት ይፈልጋል። ኢንተርኔትም ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፣ ያም ሰው ይበልጥ በተጨነቀበት ጊዜ ነው።

ብዙ ጊዜ ክፍተቱን የሚሞላው ሜሞሪ ካርድ ነው። በትንንሽ ከተሞች ዘፈንና ትረካ በሜሞሪ የሚጭኑ ሱቆች አሉ፤ የቆዩ የሬዲዮ ትረካዎችም ከሞባይል ወደ ሞባይል ይሄዳሉ። ለንግግር በሚበቃ ጥራት፣ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት፣ የአንድ ሰዓት ትረካ 14 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ ከ270 ሰዓት በላይ ይይዛል። እንዲህ የሚዞር ቅጂ የት እንደደረሰ አይታወቅም፣ የሰማውም ሰው ደውሎ መጠየቅ አይችልም። በዚህ ምክንያት ለሜሞሪ የሚዘጋጅ ዝግጅት የእርዳታ መረጃውን በመጨረሻው ክፍል ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ላይ መያዝ አለበት፤ ፋይሎቹ ተነጣጥለው ነውና የሚጓዙት።