ያውቁ ኖሯል? ጣናን ይዞ ከፍ ያለው ምድር

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የቆመ ሰው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። ይህን አገር እዚህ ድረስ ያነሣው ምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል?

ሂማላያን ያቆመው የምድር ሰሌዳዎች ግጭት ነው። የእኛ ደጋ ግን ከታች ተገፍቶ የወጣ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ በትኩስ አለት ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል። ሊቃውንት ይህን መዘግየት ተከትለው፣ ከደቡባዊ አፍሪካ በታች ከምድር አስኳል ጠርዝ ተነሥቶ ወደ አፋር እያዘመመ የሚወጣ ግዙፍ ትኩስ አካል አግኝተዋል። ከምናያቸው ተራሮች ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ የማይታየው ነው!

የሰሜን ተራሮች፣ ጮቄና ጉና በዚህ ከፍታ ላይ የተከመሩ ጥንታዊ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። የሰሜን ተራሮች ዕድሜ 30 ሚሊዮን፣ የጮቄ 23 ሚሊዮን፣ የጉና 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ተራራ በግዝፈቱ ልክ እንደማይስብስ ያውቁ ኖሯል? ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌር እ.ኤ.አ. በ1738 በቺምቦራዞ ተራራ አጠገብ ቱንቢ አንጠልጥሎ ቢለካ፣ ተራራው ቱንቢውን ከጠበቀው ያነሰ ሳበው። በኢትዮጵያ ደጋም የተራራው ክብደት በስሌት ሲቀነስ የስበቱ ልኬት ዝቅ ይላል፤ ከሥር ያለው ቀላል ነውና።

እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ኢግል በተባለው ጥናት ስምጥ ሸለቆውንና ግራ ቀኙን ደጋ ፈተሹ። በምዕራቡ ደጋ ሥር የምድር ቅርፊት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል። በግርጌውም ከጥልቁ ወጥቶ እዚያው የቀዘቀዘ ቅልጥ አለት ተደርቦበታል።

ደጋው ሲነሣ ጣና ያለበት ግን ሰመጠ። ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦርና ከድንግል በር የሚመጡ ሦስት ስምጦች እዚህ ይገናኛሉ። በደቡብ በኩል ደግሞ በቅርብ ዘመን የፈሰሰ እሳተ ገሞራ፣ ያ የምናውቀው ጥቁር ድንጋይ፣ መውጫውን ገደበው።

ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በምድር ውስጥ የሚያልፈው የተፈጥሮ ኤሌክትሪክ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ውጤት በዚያ ካለው ጥቁር ድንጋይ ሥር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚወፍር የደለል አለት መኖሩን አሳየ። ለዚህ ጥናት አንድም ጉድጓድ አልተቆፈረም።

ጣና ደርቆ እንደነበረስ? ወደ ሐይቁ ወለል የተላከ የድምፅ ሞገድና ከሥሩ የወጣ ጭቃ፣ ከ17 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ውሃው መድረቁን መስክረዋል።

ምድሩ ከፍ ባለ ቁጥር ዓባይ ቆርጦ ወረደ። ዓባይ በረሃ ሲደርሱ የሚያዩት፣ ወንዙ ቆርጦ የገለጠው የኖራ ድንጋይ በጥንት ባሕር ሥር የተነጠፈ ነው። ዓባይና ገባሮቹ ከሰሜን ምዕራብ ደጋ ያጠቡት አለት ቢያንስ 93,200 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ተገምቷል። ጣናን ከ3,000 ጊዜ በላይ ይሞላል።

ከዚህ ከፊሉ የታወቀው በየማሳውና በየትምህርት ቤቱ ግቢ በተተከሉ መለኪያዎች ነው። የሰው ኮቴ እንኳ ይረብሻቸዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከአካባቢዎ ቢያዩ አይንኩት፤ ልጆችም እንዳይነኩት ይንገሩልን።