እባቡን አትላጡት፣ አየሩን አርጥቡለት

ስልካችሁ ላይ አጫጭር ቪዲዮዎችን ስታገላብጡ ይቺ ሳትገጥማችሁ አትቀርም፦ የሰው እጅ ከእባብ ጀርባ ላይ ስስ ላስቲክ የመሰለ ቆዳ ቀስ እያደረገ ሲልጥ። ከአዲስ ስልክ ስክሪን ላይ ላስቲኩን እንደማንሳት ነው፤ ዓይን ይይዛል። አስተያየት ሰጪውም «ደስ ሲል!» ብሎ ያልፋል።

ነገሩ ግን ደስ የሚል አይደለም። ጤነኛ እባብ ቆዳውን ለመቀየር የማንንም እጅ አይፈልግም። ሰው ጣልቃ ገብቶ መላጥ ከጀመረ ቀድሞ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የተበላሸው እባቡ ሳይሆን የሚኖርበት አየር ነው።

አውቃለሁ፣ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» በሚባልበት አገር ስለ እባብ እንክብካቤ መጻፍ ድፍረት ይመስላል። እኛ ጋ እባብ ከታየ የሚፈለገው ዱላ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ግን እባብ እንደ ድመት ስም ወጥቶለት ቤት ውስጥ የሚያሳድግ ሰው ብዙ ነው። እኔን ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ ኮሎራዶ ውስጥ፣ አውሮራ ከተማ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። «ቡኒ» የምትባል ቦል ፓይተን አለችው። ፓይተን ስላችሁ ኮድ የሚጻፍበትን እንዳታስቡ፤ ይቺ መርዝ የሌላት፣ ስትደነግጥ እንደ ኳስ የምትጠቀለል የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ እባብ ናት። ዝርያዋን በብዛት ወደ ውጭ የሚልኩት ጋና፣ ቶጎና ቤኒን ናቸው። አክስቴ እስከ ዛሬ የልጇን ክፍል በር አልፋ አልገባችም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታማትባለች።

ባለፈው ጥር ልጁ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የቡኒ ቆዳ እንደ አሮጌ የግድግዳ ቀለም ተሰነጣጥቆ እዚህም እዚያም ተጣብቆ ቀርቷል። ጅራቷ ጫፍ ላይ ቀለበት የመሰለ ነገር አለ፤ አንድ ዓይኗም ደብዝዟል። «በወረንጦ ላንሳላት እንዴ?» ይላል። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ግን በቤተሰቡ ውስጥ «እስቲ ፈልጊልኝ» የምትባለዋ ሰው እኔ ስለሆንኩ «ቆይ፣ እንዳትነካት» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

እባብ እንደ እኛ ቆዳው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ አይረግፍም። የላይኛውን ሽፋን በአንድ ጊዜ፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት፣ እንደ ካልሲ ገልብጦ ያወልቀዋል። በማደግ ላይ ያለው በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ ገደማ፣ ያደገው ደግሞ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይቀይራል። ቀኑ ሲቃረብ በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ይገባል። ያኔ መልኩ ይደበዝዛል፣ ዓይኑ ወደ ሰማያዊ ያደላ ጭጋግ ይለብሳል፣ ብዙ ጊዜም ምግብ ትቶ ይደበቃል። ከቀናት በኋላ ዓይኑ መልሶ ይጠራል፤ ብዙ ሳይቆይ አፍንጫውን ሻካራ ነገር ላይ እያሸ ማውለቅ ይጀምራል። አየሩ ከደረቀ ወይም የእባቡ ሰውነት ውሃ ካጠረው አሮጌው ቆዳ እየተቀደደ አዲሱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጅራት ላይ የቀረ ቀለበት እየደረቀና እየጠበበ ሲሄድ ደም እንዳያልፍ ያግዳል፤ የጅራቱ ጫፍ ሊሞት ይችላል። ዓይኑም አለ። እባብ የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑን የሚሸፍነው እንደ መስታወት የጠራ አንድ ቅርፊት ነው፤ እሱም ከቆዳው ጋር አብሮ ይወልቃል። የቀረውን በወረንጦ ልንቀል ያለ ሰው ከሥሩ ያለውን አዲሱን ሽፋን ሊጎዳ፣ ሲብስም እባቡን ሊያሳውር ይችላል።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ አንድ ጥያቄ መለስኩለት፦ «ቤቷ ውስጥ እርጥበቱ ስንት ነው?» ሙቀት እንጂ እርጥበት ለክቶ አያውቅም። በማግስቱ የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ የመስታወት ቤቷ ውስጥ ሲያስቀምጥ 21 በመቶ አነበበ። ለዚህ ዝርያ በአብዛኛው የሚመከረው በአዘቦቱ ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ ቆዳ በምትቀይርበት ሰሞን ደግሞ ወደ 70 ከፍ ያለ ነው። «ውጭ በረዶ ተከምሮ ቤቴ እንዴት በረሃ ይሆናል?» አለኝ።

መልሱ የመቶኛ ስሌት ነው፤ እዚህ ላይ ትምህርቴ ረዳኝ። መለኪያው የሚነግረን አየሩ የያዘውን የውሃ መጠን አይደለም። የያዘው ውሃ፣ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውስጥ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 5 ግራም ገደማ የውሃ ተን ይይዛል። ያንኑ አየር ቤት አስገብታችሁ 22 ዲግሪ ብታደርሱት መያዝ የሚችለው ወደ 19 ግራም ያድጋል። ውሃው ግን ያው 5 ግራም ነው። ስለዚህ ውጭ 100 በመቶ የነበረው፣ ቤት ሲገባ ወደ 26 በመቶ ይወርዳል። ማሞቂያ መብራቱ ሥር 32 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 15 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ደሞዛችሁ ባለበት ቆሞ የወር ወጪያችሁ አራት እጥፍ ሲሆን እንደማለት ነው፤ ከኪሳችሁ ማንም አልወሰደም፣ ግን ደህይታችኋል።

ምዕራብ አፍሪካም እኮ ለወራት የሚዘልቅ ደረቅ በጋ አለው። እዚያ ያሉት የቡኒ ዘመዶች እንዴት ቻሉት? ሜዳ ላይ ተኝተው አያሳልፉትም። የአይጥ ጉድጓድና የምስጥ ኩይሳ ውስጥ ይገባሉ፤ እዚያ ውስጥ ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ እርጥብ ነው። ስለዚህ ሰውየው መኖሪያ ቤቱን በሙሉ በእንፋሎት መሙላት አይጠበቅበትም። የጠፋባትን ጉድጓድ ይመልስላት፣ በቃ።

እንዲህ አደረገ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ምግብ መያዣ ወስዶ ጎኑ ላይ እሷን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከፈተ፤ እንዳይቧጭራት ጠርዙን አለሰለሰ። ውስጡን በውሃ ነክሮ በደንብ በጨመቀው የወረቀት ፎጣ ሞላው። ስፋግነም የሚባለው ውሃ የሚይዝ ተክል ከተገኘ ደግሞ ይሻላል። የውሃ ሳህኗን በትልቅ ቀየረ። ሙሉ በሙሉ ወንፊት የነበረውን ክዳን፣ መብራቱ ያለበትን ጎን ትቶ፣ በከፊል ሸፈነው። ከሥር ያለውን ጋዜጣ አንስቶ እርጥበት የሚይዝ የኮኮናት ገለባ አነጠፈ።

ተጣብቆ ለቀረው ቆዳ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ፎጣ አየር የሚያስገባ ሳጥን ውስጥ አድርጎ፣ እሷን እዚያው አስገባትና ከአጠገቧ ሳይርቅ ግማሽ ሰዓት ጠበቀ። ፎጣው ውስጥ ስትሽሎኮለክ አብዛኛው ቆዳ፣ የጅራቷ ቀለበት ጭምር፣ ራሱ ለቀቀ። ዓይኗን አልነካም። ከአምስት ሳምንት በኋላ በተራዋ ስትቀይር፣ የቀረው የዓይን ሽፋን ከአዲሱ ጋር አብሮ ወጣ። ለመለኪያውና ለሳጥኑ ያወጣው ገንዘብ፣ እዚያ ምግብ ቤት ገብቶ ምሳ ከሚበላበት ብዙም አይበልጥም።

እርጥበት ይጠቅማል ሲባል ግን ቤቱን ረግረግ አድርጉት ማለት አይደለም። ሁልጊዜ የራሰ ወለልና የታፈነ አየር የቆዳ ቁስልና የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ያመጣሉ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፎጣ ውሃ የሚንጠባጠብበት ሳይሆን የተጨመቀ ይሁን፤ ሳይሻግት ይቀየር። አየሩ ተስተካክሎም ችግሩ ከተደጋገመ እባቡ ላይ ጥገኛ ተባይ ወይም ሌላ ሕመም ሊኖር ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ይየው። የዓይን ሽፋን በሁለተኛው ቅያሬም ካልወጣ እንደዚሁ፤ የሐኪም ሥራ ነው፣ የወረንጦ አይደለም።

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡም፣ «እንሞክረው» ብላችሁ ከጓሮ እባብ እንዳታነሱ። እኛ አገር እፉኝትን ጨምሮ አደገኛ መርዝ ያላቸው እባቦች አሉ፤ በመልክ ለይቶ መተማመን የባለሙያ እንጂ የቪዲዮ ተመልካች ሥራ አይደለም።

ውጭ አገር ሆናችሁ እባብ ያላችሁ ደግሞ የወለቀውን ቆዳ ሳታዩ አትጣሉት። ዘርጉትና ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ጥንዶቹ የዓይን ሽፋኖች አሉ? የጅራቱ ጫፍስ አለ? ካሉ አየሩ ሥራውን ሠርቷል። እናንተ የቀራችሁ እጃችሁን በሳሙና መታጠብ ነው፤ እባብ ጤነኛ መስሎም ሳልሞኔላ ሊያስተላልፍ ይችላል።