የወተት ማቀዝቀዣ ቺለር የኃይልና የመቆጣጠሪያ መስመር አዘረጋግ

ዋዱ እየተባለ የሚጠራው የእርሻ ልማት ፕሮግራም በ1960ዎቹ ዓ.ም. በወላይታ በሠራበት ዘመን የልማት ሠራተኛው ዋና ትምህርት ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ነበር። ዛሬ ግን በሶዶ ዙሪያ፣ በቦዲቲም ሆነ በአረካ ወተት ለመሰብሰብ የሚያስብ የኅብረት ሥራ ማኅበር ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦም መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። የታለበ ወተት ቶሎ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልወረደ ተህዋስያን ይራቡበታል፤ ጠዋት የሚደፋውም የብዙ አባወራና እማወራ ድካም ነው።

ባለ ሞጁል ቺለር ማለት በአንድ የውሃ ቧንቧ ላይ ጎን ለጎን የተገጠሙ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮምፕሬሰር ያላቸው አነስተኛ ማቀዝቀዣዎች ናቸው። ጥቅሙ አንዱ ሲበላሽ ሌሎቹ መሥራታቸው ነው። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ብሬከር ከታሰሩ አንዱ ሲቃጠል ሁሉም ይቆማሉ። ስለዚህ ሥራው ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሲከናወን የሚከተሉት መሟላታቸውን እንድትከታተሉ እናሳስባለን።

1. የኃይል መስመር። ለእያንዳንዱ ሞጁል የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይኑረው። የሦስቱ ፌዞች ቮልት ይለካ። ልኩ 390፣ 380 እና 370 ቢሆን አማካዩ 380 ነው፤ የ10 ቮልት ልዩነት ከአማካዩ 2.6 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ ከ2 በመቶ በላይ ከሆነ ሞተሩ ስለሚግል ሳይስተካከል አይነሣ።

2. የፌዝ ቅደም ተከተል። ስክሮል ኮምፕሬሰር ፌዙ ከተገላበጠ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ይጮኻል፣ አያቀዘቅዝም፣ በመጨረሻም ይሰበራል። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር የምትሠሩ ከሆነ የጄኔሬተሩም ቅደም ተከተል ከመስመሩ ጋር አንድ መሆኑ ይፈተሽ። የፌዝ መጥፋትንና መገላበጥን የሚጠብቅ ሪሌ ማስገባት ይበጃል።

3. የመቆጣጠሪያ መስመር። ሞጁሎቹ የሚነጋገሩበት ገመድ ተጠማዞ የተገመደና በብረት ክር የተሸፈነ ይሁን። ከኃይል ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አይግባ፤ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ መሻገር ካለበት ቀጥ ብሎ ይሻገር። ገመዱ ከአንዱ ሞጁል ወደ ሚቀጥለው በተርታ ይሂድ እንጂ ከአንድ ቦታ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አይበተን። አምራቹ ካዘዘ በሁለቱ ጫፎች 120 ኦም ሬዚስተር ይታሰር። የብረት ሽፋኑ በአንድ ጫፍ ብቻ ከመሬት ሽቦ ጋር ይገናኝ። ለእያንዳንዱ ሞጁል የተለያየ ቁጥር ይሰጠው፤ ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ ትእዛዙ ይምታታል።

4. የውሃ ፍሰት መጠበቂያ። ውሃው መፍሰሱን የሚያረጋግጠው ማብሪያ ከመቆጣጠሪያው ጋር ይገናኝ። ፓምፑ ቆሞ ኮምፕሬሰሩ ቢሠራ ውሃው በውስጡ በረዶ ሠርቶ ማሽኑን ይሰነጥቀዋል። ማሽኑ አስቸገረ ተብሎ ይህን ማብሪያ በሽቦ አልፎ ማገናኘት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

5. አነሣሥ። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ሞጁሎቹ ተራ በተራ እንዲነሡ መቆጣጠሪያው ይስተካከል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተነሡ ቮልቱ ይወድቃል። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ማሞቂያ ካለ ሌሊት ዋናውን ብሬከር ማጥፋት አይገባም።

ሥራው ሲያልቅ የሽቦው ንድፍ በሳጥኑ በር ውስጥ ይለጠፍ። ከዚያም አንዱን ሞጁል አጥፍታችሁ ሌሎቹ መቀጠላቸውን ተመልከቱ። ይህ ፈተና መደረግ ያለበት ወተት ሳይገባ ነው፤ ታንኩ ከሞላ በኋላ የሚገኝ ስሕተት ዋጋውን የሚከፍሉት አባላቱ ናቸውና።