የዶሮ መልክ (ጅማና አካባቢው)

የዶሮ መልክ ማለት የዶሮ ላባ ቀለምና ጥለት ነው። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች፣ ማለትም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሰርቦና በሸቤ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ የዶሮ ዋጋ በክብደቷ ብቻ ሳይሆን በመልኳም ይወሰናል። ስለዚህ አርቢዎች ለዘር የሚያስቀሩትን አውራ ዶሮና ቄብ ሲመርጡ መልኩንም ያያሉ። በብዙ ቤቶች ዶሮና እንቁላል የሴቶችና የልጆች የእጅ ገንዘብ ምንጭ በመሆኑ፣ የመልክ ምርጫ ከውበት ባሻገር ከቤት ገቢ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው።

መጠሪያዎች

በአማርኛ የዶሮ መልክ ስሞች ከቀለም ስሞችና ከሌሎች ነገሮች ጋር ከማመሳሰል የመጡ ናቸው።

- ቀይ፣ ነጭና ጥቁር፦ በአብዛኛው አንድ ቀለም የሆኑ ናቸው። በኦሮምኛ በቅደም ተከተል ዲማ፣ አዲና ጉራቻ ይባላሉ።
- ገብስማ፦ ነጭና ጥቁር ተቀላቅሎበት ግራጫ የሚመስል ነው። ስሙ ከገብስ የመጣ ነው።
- ወሰራ፦ ነጭና ቀይ የተደባለቀበት ነው።
- ዝግርማ፦ በጥቁር ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ዥግራ የሚመስል ነው።
- ቆቅማ፦ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ መስመር ያለበት፣ ቆቅ የሚመስል ነው።

አንገቷ ላይ ላባ የሌላት ዶሮ መላጣ ትባላለች። ይህ ግን የላባ መጠን እንጂ የቀለም ስም አይደለም፤ መላጣ ዶሮ ቀይም ጥቁርም ልትሆን ትችላለች።

ታሪክ

የቤት ዶሮ የተገኘችው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ከሚኖረው ቀይ የጫካ ዶሮ ነው። በትግራይ መዝብር በተባለ ጥንታዊ ስፍራ የተቆፈሩ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ሺህ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የነበሩ ሲሆኑ፣ ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል ከታወቁት ቀደምት የዶሮ ቅሪቶች መካከል ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዶሮ በአገሪቱ ስትዋለድ የኖረችው በአብዛኛው ያለ አጥር፣ የጎረቤት ከጎረቤት እየተቀላቀለ ነው። የአገር ውስጥ ዶሮ በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ብዙ ዓይነት መልክ የሚኖራት በዚህ ምክንያት ነው።

የውጭ ዝርያዎች በተደራጀ መንገድ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲሆን፣ ከተቀበሏቸው ተቋማት አንዱ በጅማ የነበረው የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ከአሜሪካው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በመተባበር ተከፍቶ፣ ኋላ በ1999 ከተመሠረተው ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋህዷል። በዚያ ዘመን ከመጡት መካከል ቀዩ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ነጩ ሌግሆርንና ጥቁሩ አውስትራሎርፕ ይገኛሉ። የእነዚህ ደም በጊዜ ብዛት ወደ ገጠሩ ዶሮም ገብቷል።

መልክ ከምን ይመጣል

የላባ ቀለም በዋናነት ከሁለት ዓይነት ሜላኒን ይገኛል። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ቀይና ቢጫ ነው። የትኛው በየትኛው የአካል ክፍል እንደሚበዛ የሚወስኑት ዘረመሎች ናቸው። ኤምሲዋንአር የተባለው ዘረመል ላባው በሙሉ ጥቁር እንዲሆን ወይም ጥቁሩ በጅራትና በክንፍ እንዲወሰን ያደርጋል። ነጭ ዶሮ ደግሞ በሁለት መንገድ ትገኛለች፦

1. ገዥ ነጭ፦ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይታያል። የሌግሆርን ነጭነት ከዚህ ወገን ነው።
2. ድብቅ ነጭ፦ ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ አይታይም። ባለ ቀለም አውራና ባለ ቀለም እናት ሳይታሰብ ነጭ ጫጩት የሚያወጡት በዚህ የተነሳ ነው።

አንዳንድ መልክ ደግሞ ጸንቶ አይቆይም። ጥቁሩን ቀለም የሚያሳሳው ዘረመል ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ላባው አመድማ ይሆናል። አመድማ ከአመድማ ጋር ቢጣመር በአማካይ ከአራት ጫጩት አንዱ ጥቁር፣ ሁለቱ አመድማ፣ አንዱ ደግሞ ጥቁር ፍንጣቂ ያለበት ነጣ ያለ ይሆናል። ስለዚህ አንድ አርቢ ጥሩ መልክ ያላቸውን ወላጆች ቢመርጥም ጫጩቶቹ ሁሉ እነሱን አይመስሉም፤ ይህም የአመራረጥ ስሕተት ሳይሆን የውርስ ሕግ ነው። ይህ ሕግ በእንስሳት ላይ እንደሚሠራ እንግሊዛዊው ዊሊያም ቤትሰን እ.ኤ.አ. በ1902 ያሳየው በዶሮ ነበር።

አመራረጥና ገበያ

በገጠር ምርጫ የሚካሄደው በአብዛኛው በመቀነስ ነው። የማይፈለገው መልክ ቀድሞ ይሸጣል ወይም ይታረዳል፤ የሚፈለገው ለዘር ይቀራል። ሆኖም ዶሮ ልቅ ስለምትውል የጎረቤት አውራ ዶሮ ከቄቦቹ ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ አንድ ቤት ብቻውን የመረጠው መልክ ቶሎ ይበረዛል። በቅርብ የሚኖሩ ቤቶች ተስማምተው አንድ አውራ ሲያስቀሩ ውጤቱ የተሻለ ይሆናል።

በብዙ ገበያዎች ቀይ ዶሮ የተሻለ ዋጋ ሲያወጣ ጥቁር ዝቅ ይላል። አንዳንድ ገዢዎች ደግሞ በባህላዊ እምነት ምክንያት ገብስማን ወይም ሌላ የተወሰነ መልክ ፈልገው ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ በሌላ ቀን የማይፈለግ ዶሮ ውድ ይሆናል። ዋጋው በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ይወጣል፣ በጾም ወራት ይወርዳል።

የላባ መልክ ከሥጋው ጣዕም ወይም ከእንቁላሉ ምግብነት ጋር ግንኙነት የለውም። የአስኳል ቢጫነት የሚመጣው ከምትበላው ቅጠልና እህል ነው። የቆዳና የእግር ቢጫነት ደግሞ ዘረመልንም መኖንም ይፈልጋል።

መልክና ጠላት

ልቅ ለምትውል ዶሮ መልክ የሕይወት ጉዳይም ነው። ነጭ ጫጩት በሣርና በቡና ዛፍ ሥር ከሩቅ ስለምትታይ ለጭልፊት ትጋለጣለች። እንደ ቆቅማ ያለ ባለ ጥለት መልክ ግን ከደረቅ ቅጠል ጋር ይመሳሰላል። ገበያ የሚወደው መልክና ግቢ ውስጥ የሚተርፈው መልክ ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በአንጻሩ በታጠረ ቤት ውስጥ ነጭነት ጥቅም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ገዥ ነጭ የወረሱ ዶሮዎች ባለ ቀለም ከሆኑት ይልቅ ላባቸው በሌሎች ዶሮዎች እምብዛም እንደማይነጭ አሳይቷል።

ጾታን በመልክ መለየት

በወፎች ጾታን የሚወስነው የእናት ዘር ነው፤ ወንዱ ሁለት ዜድ፣ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ ክሮሞሶም አላቸው። የላባ ሽንትር የሚሰጠው ዘረመል ያለው በዜድ ላይ ነው። ስለዚህ ሽንትር ያላት እናት ሽንትር ከሌለው ጥቁር ወይም ቀይ አውራ ጋር ብትጣመር ወንዶቹ ብቻ ሽንትር ይወርሳሉ፤ ሲፈለፈሉም ጥቁር ራሳቸው ላይ ነጭ ነጥብ ይታያል። በደቡብ አፍሪካ ተዳቅሎ በኢትዮጵያም የተሠራጨው ኮክኮክ የተባለው ዝርያ ይህን ሽንትር ይዟል። ቦቫንስ ብራውን በተባለው የእንቁላል ዶሮም የአንድ ቀን ጫጩት ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ነው። ለእንቁላል የሚያረባ ሰው ወንዶቹን በመጀመሪያው ቀን ስለሚለይ መኖ አይባክንበትም።

የተዳቀሉ ዶሮዎችና የአገር ዝርያ

የአገር ውስጥ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል እንቁላል ስትጥል፣ የተዳቀለች የእንቁላል ዶሮ በጥሩ አያያዝ ከ250 በላይ ልትጥል ትችላለች። ይሁንና የተዳቀለችው እንደ አገሯ ዶሮ ታቅፋ አትፈለፍልም፤ ከልጆቿም የእናታቸውን ያህል ምርት አይጠበቅም። አንድ መልክ ያላቸው ጫጩቶች በየዓመቱ ሲገዙና የአገሩ አውራ ሲታረድ፣ ከመልኩ ጋር በሽታና ረኀብ የመቋቋም ባሕርይም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል የተጀመረው የሆሮ ዶሮ ማሻሻያ ሥራ የአገሩን ዝርያ ሳይተካ በእንቁላል ብዛት፣ በክብደትና በሕይወት መቆየት መርጦ የሚያራባ ነው።

በመልክ ብቻ የመምረጥ አደጋ

ለመልክ ብቻ ማራባት የሚያስከትለው ጉዳት በሌላ እንስሳ በግልጽ ታይቷል። በፓኪስታን፣ በአፍጋኒስታንና በሰሜን ምዕራብ ሕንድ የሚገኘው ነብርማ እንሽላሊት በአሜሪካና በአውሮፓ ለቤት እንስሳነት ሲራባ ብዙ ያልተለመዱ ቀለሞች ወጥተዋል። ከእነዚህ አንዱ ሌመን ፍሮስት የሚባለው ብሩህ ቢጫና ነጭ መልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህን መልክ ከያዙት ከ80 በመቶ የሚበልጡት የቆዳ ዕጢ እንደሚያወጡ ገልጿል። ቀለሙንና ዕጢውን የሚያመጣው ያው የዘር ለውጥ በመሆኑ፣ አንዱን ያለ ሌላው ማራባት አልተቻለም።

በዶሮም የአንድ አውራ መልክ ተወዶ ከራሱ ልጆች ጋር ደጋግሞ ሲጣመር የመፈልፈልና የመትረፍ አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ በየጊዜው ዝምድና የሌለው አውራ ማስገባት ይመከራል። ፈንግልም መልክ አይመርጥም፤ አንድ ጊዜ ከገባ ለዓመታት የተመረጠን ዘር በጥቂት ቀናት ሊጨርስ ይችላል። መከላከያው በቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ነው።